አለቃን «ና» ስለ ማለት

ውድ ታደሰ፣ የኔ ታዴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። በሕንጻችን ውስጥ «ወይዘሮ የሺ የባላቸው ዓመት ሳይሞላ ጥቁራቸውን አውልቀው ወንድ አስገብተዋል» እየተባለ ነው። ሦስት ማስረጃ አላቸው አሉ። አንደኛ፣ ቤቴ ውስጥ ጥቁር አልለብስም። ሁለተኛ፣ ጠዋት ጠዋት «ና፣ አትፍራ፣ ና እጄ ላይ» ስል በግድግዳው በኩል ተሰምቻለሁ። ሦስተኛ፣ ሰማያዊ ጋዋን የለበሰ ሰው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጦ ታይቷል። ሦስቱም ማስረጃዎች እውነት ናቸው። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ጋዋኑ ያንተ የሥራ ጋዋን ነው፤ ውስጡ ያለሁት እኔ ነኝ። «ና» የሚባለው ደግሞ ወፍ ነው። ጥቁሩን ለምን እንዳወለቅሁ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ። ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

ከተለያየን ዛሬ ዐሥራ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆነ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል አንተ የምታውቀውን ጭምር እጽፋለሁ። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስሠራ በጣም ያናደደኝ ጸሐፊ፣ አንባቢ ሁሉ የእሱን ጎረቤቶች የሚያውቅ የሚመስለው ጸሐፊ ነበር።

በቤታችን ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። አንተ ነገ እሠራዋለሁ እያልህ ሁለት ዓመት ያቆየኸው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ተሠርቷል፤ የሠራው ሰው ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ከሕንጻው በታች የነበረው ልብስ ሰፊ ለቅቆ በቦታው የሞባይል ጠጋኝ ገብቷል። ምሕረት፣ ልጃችን፣ ጀሞ ካለው ቤቷ በየቅዳሜው ትመጣለች፤ መጥታም ማቀዝቀዣዬን ከፍታ ትመረምራለች፤ እኔ በልጅነቷ ደብተሯን እመረምር እንደነበረው ማለት ነው። ወንበርህ ቦታው ላይ ነው። ዋናው የተለወጠው ነገር የወፎችህ ጉዳይ ነው።

ጡረታ በወጣህ በሦስተኛው ወር የሽቦ ቤታቸውን ራስህ ሠርተህ፣ ሁለቱን ወፎች ይዘህ ስትገባ ምን እንዳልሁህ አልረሳሁም። «ታደሰ፣ እኛ ራሳችን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ታጭቀን ሌላ እስረኛ እንጨምር?» አልሁህ። ሰፈሩ ፓሮት ይላቸዋል። ፓሮት ትልቁ ነው፤ እነዚህ ባጂ የሚባሉት፣ ከመዳፍ የማይበልጡት ናቸው። ሰማያዊውን አለቃ አልኸው፤ ከላይኛው መቆሚያ እንጨት ላይ ሆኖ ሲቆጣ ብረት ትቀርጽበት የነበረውን የቶርኖ ቤት አለቃህን ይመስላል ብለህ። ቢጫዋን ደግሞ ጸሐፊ አልሃት፤ አለቃ የሚለውን ሁሉ እየደገመች ራሷን ስለምትነቀንቅ። «ና አለቃ፣ ነይ ጸሐፊ» እያልህ ከምሳ በኋላ በሩን ስትከፍትላቸው ክፍሉን ዞረው ዞረው አለቃ መጥቶ በሌባ ጣትህ ላይ፣ ቶርኖው ጫፉን በወሰደው ጣት ላይ፣ ይቆም ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የማየው ወለሉ ላይ የተበተነውን የእህል ገለባ ብቻ ነበር። እንዴት እንዳለመድሃቸው ስጠይቅህ «ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፣ የሺዬ» አልኸኝ። የስንፍና መልስ መስሎኝ ሄጄ መጥረጊያ አነሣሁ።

(አለቃን እዚህ ድረስ «እሱ»፣ ጸሐፊን «እሷ» ብያለሁ። ለዚህም ምክንያት አለ፤ እንደርስበታለን።)

አንተ ስትሄድ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ፤ ወፎቹም መኝታ ቤት ገብተው ጨርቅ ተሸፈኑ። አርባህ ሲያልፍ ወደ ቦታቸው መለስኋቸው። ያኔ ነው ያልጠበቅሁትን ያየሁት። ውኃቸውን ልቀይር እጄን ሳስገባ ሁለቱም ራሳቸውን ከሽቦው ጋር እያላተሙ የሽቦ ቤቱን በላባ ሞሉት። አለቃ ክንፉ ላይ አንድ ረጅም ላባ ሰበረ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሌባ ጣቴን ነክሶ አደማኝ። በሩን ከፍቼ በክፍሉ ውስጥ ማብረር የማይታሰብ ሆነ፤ ከወጡ ማን ይመልሳቸዋል? አንተን ነበር የሚያውቁት። ስለዚህ አንተ ከሄድህ ጀምሮ ሁለቱ ወፎች አንድም ቀን አልበረሩም። ከእንጨት ወደ እንጨት መዝለል መብረር አይባልም።

ምሕረት ጣቴን በፋሻ ታስሮ ስታየው «እማዬ፣ ለወፍ ብለሽ እጅሽን አታስበዪ» አለችኝ። «ጎፋ አንድ የማውቃት ባለ ካፌ አለች፤ ስጪኝና በር ላይ ልስቀላቸው ብላለች።» እምቢ አልሁ። እምቢታዬ ግን ፍቅር እንዳልነበረ ላንተ አልዋሽም፤ ያንተ ንብረት በካፌ በር ላይ ሲንጠለጠል ማየት አልፈልግም ነበር፣ ያ ብቻ ነው። ደግሞም ልጅቷ እውነት አላት፤ ሳይበሩና ሲያዩኝ እየተርበደበዱ ቆልፌ ላኖራቸው አይገባም። ስለዚህ ቃል ገባሁ። «እስከ አባትሽ ሙት ዓመት ጊዜ ስጪኝ» አልኋት፤ «እስከዚያ ሁለቱም በፈቃዳቸው እጄ ላይ ካልቆሙ ይሂዱ። ራሴ ታክሲ ይዤ ጎፋ አደርሳቸዋለሁ።» ምሕረትም ስልኳን አውጥታ ጻፈችው። የእኔ ልጅ ናት።

ቃል ከገባሁ በኋላ እንዴት እንደ ጀመርሁ ብታይ ሳትስቅ አትቀርም። የሰዓት ሠሌዳ አወጣሁና ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ፤ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ። ከፊታቸው ቀጥ ብዬ ቆምሁ። በአዳሪ ትምህርት ቤት የነበሩት አስተማሪያችን «ጀርባዋ የጎበጠ ሐሳቧም ይጎብጣል» እያሉ በማስመሪያ ሲያቃኑን ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ሌላ መልክ ያለው አይመስለኝም። ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ጥቁር ነጠላዬን ተከናንቤ፣ እጄን ከላይ ወደ ታች ሰድጄ «ና» እላለሁ። ወፎቹ ጥግ ይዘው አንዱ በሌላው ላይ ይወጣሉ። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ሰዓት አክባሪ እንደ መሆኔ እጄን አውጥቼ እሄዳለሁ። እንዲህ ስድስት ወር ሠራሁ። አንድ ቀን አላጓደልሁም። አንድ እርምጃም አልተራመድንም።

በሰባተኛው ወር ትዕቢቴን ዋጥ አድርጌ ላፍቶ፣ ወፍ አርቢዋ ማርታ ዘንድ ሄድሁ፤ መጀመሪያ አንተ ወፎቹን ከእሷ ነው የገዛሃቸው። የሽቦ ቤቱን በነጠላ ሸፍኜ ሚኒባስ ስገባ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከውስጡ ድምፅ ሰምታ «እማማ፣ ዶሮዋ እንቁላል ጣይ ናት?» አለችኝ።

«ዶሮ አይደለም፤ ባጂ ነው» አልኋት።

«ባጃጅ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ። «ኧረ እማማ፣ ባጃጅ ይዘው ታክሲ ይሳፈራሉ? በሱ አይሄዱም ነበር?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሾፌሩ ሳይቀር በመስተዋቱ እያየኝ ይስቃል። እኔ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንተ ብትኖር ከሁሉም የበለጠ የምትስቀው አንተ እንደ ነበርህ ስለ ታወቀኝ አፌን መልሼ ዘጋሁት። አለቃ በነጠላው ውስጥ ሆኖ መቆጣቱን ቀጠለ፤ ለሁለታችንም በቂ ነበር።

ማርታ ከወላይታ የመጣች፣ ስትሠራ መዝሙር የማይለያት ሴት ናት። በረንዳዋ ላይ ከሠላሳ የማያንሱ ወፎች ይንጫጫሉ። እኔ ወፎቹን እንድትመረምር ስጠብቅ እሷ እኔን ከራስ እስከ እግር ታየኝ ጀመር።

«እማማ፣ እንዲህ ለብሰው ነው የሚቀርቧቸው?»

«ባለቤቴ ሞቶብኝ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። እሳቸውንማ አውቃቸዋለሁ፣ ጣታቸው የተቆረጠው። ግን እማማ፣ እነዚህ ሐዘን አያውቁም። ጥቁር ሆኖ ከላይ የሚወርድ ነገር እነሱ ዘንድ ጭልፊት ነው።» ከዚያም እጇን አንሥታ አሳየችኝ። «ከላይ ከመጣ ጥፍር ነው፤ ከታች ከመጣ ቅርንጫፍ ነው። ደግሞ አይቁሙባቸው፣ ይቀመጡ። ዓይንዎን አያፍጥጡባቸው። የሚያፈጥ የሚበላ ነው።»

ስድስት ወር ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሰዓቱ፣ ጭልፊት ሆኜ ስቀርባቸው ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ልንለያይ ስንል ማርታ ጎንበስ ብላ ስማቸውን ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ሳቋ መጣ። «አለቃ ማን አላት? ይቺ እኮ ሴት ናት። ከምንቃሯ በላይ ይዩ፣ አፍንጫዋ ዙሪያ ቡናማ ነው። የወንዱ ሰማያዊ ነው። ወንዱ ጸሐፊው ነው።»

እንግዲህ፣ ታዴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሴቷን «ና»፣ ወንዱን «ነይ» ስትል ኖረሃል። ከዚህ በላይ «እሱ» ያልሁት ሁሉ ስለ አለቃ ከሆነ «እሷ» ተብሎ ይታረም፤ የጸሐፊውም እንዲሁ ይገልበጥ። እኔ ቤት እንደ ገባሁ ወዲያው አረምሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃ «ነይ»፣ ጸሐፊ «ና» ሆኑ። ስለ ሰዋስው ማርታን ማማከር አላስፈለገኝም።

የጥቁሩ ጉዳይ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሦስት ቀን አሰብሁበት። እናቴ አባቴን ቀብራ ሁለት ዓመት ጥቁር ለብሳለች፤ ዓመት ማለት ዓመት ነው ብዬ ያደግሁ ነኝ። ለወፍ ብላ ጥቁሯን አወለቀች መባል በሰፈራችን ምን ማለት እንደ ሆነ አንተም ታውቃለህ። በኋላ ግን አንተ ራስህ ጥቁር ስለብስ ትለኝ የነበረው ትዝ አለኝ፤ «የሺዬ፣ ቀብር ልትሄጂ ነው ወይስ ልትፈርጂ?» ትል ነበር። እኔም ወሰንሁ። ከደጅ ውጭ ጥቁር፤ ከደጅ ውስጥ ለወፎቹ ስል ሌላ። ለአንተ ያለኝ ሐዘን ቀሚስ ካልለበሰ ይጠፋል ብዬ አልሰጋም።

ምን ልልበስ ብዬ ቁም ሣጥኑን ስከፍት ጋዋንህ ተሰቅሏል። ስንት ጊዜ ታጥቦ የግራሶ ሽታው አልለቀቀውም። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ ለበስሁት። ስገባ አለቃ ከእንጨቷ ላይ አልተነሣችም። አንገቷን ብቻ አሰገገች። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አዩኝና ወደ እህላቸው ተመለሱ። ስድስት ወር ያላገኘሁት ነገር በአንድ ጋዋን ተገኘ። የሰዓት ሠሌዳውን ያን ዕለት ከግድግዳው ገነጠልሁት።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ አንተ ያልኸው ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ። በርጩማህን አምጥቼ ጎናቸው ተቀመጥሁ፤ ፊት ለፊታቸው አይደለም። ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ ጋዜጣ በዝግታ አነባለሁ፤ የፊደል ስህተት ሳገኝ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ እጄን ከሽቦው ውጭ አሳረፍሁ። ሁለቱም እጄን ትተው ላባቸውን ማበጠር ሲጀምሩ፣ ያ እምነት ነው ብላኛለች ማርታ፤ የፈራ ወፍ ራሱን አያበጥርም። ከዚያ እጄን ከታች በኩል አስገብቼ ሳላንቀሳቅስ ማቆየት ሆነ። ከዚያም የዳጉሳ ዛላ በጣቶቼ መካከል ይዤ መጠበቅ።

ጸሐፊ ሆዳም ነው። በአምስተኛው ቀን ዳጉሳውን ጫፉን ቀጠፈ፤ በዘጠነኛው ቀን ጣቴ ላይ ወጥቶ እየበላ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። «ና» ብትለው «ነይ» ብትለው፣ «ወግድ» ብትለውም የሚመጣ ይመስለኛል። ጎረቤቶቼ በግድግዳ የሰሙት እሱን ስጠራ ነው። አስካለ፣ ከፊት ለፊታችን የምትኖረው፣ ባለፈው ሳምንት ድስት ልመልስ ብላ መጥታ ነበር። ድስት አበድሬአት አላውቅም። አንገቷን ከእኔ ትከሻ በላይ አድርጋ ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ እስከ ማድቤቱ ድረስ ቃኘች። በመጨረሻ ጸሐፊን በሽቦ ቤቱ ውስጥ ራሱን ሲነቀንቅ አየችው። «ውይ» አለች ቅር ብሏት፤ «ወፍ ነው እንዴ?» ድስቱን ተቀብያት አስገባሁ፤ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ የማን እንደ ሆነ አላውቅም።

አለቃ ግን እምቢ አለች። አሁን አትፈራኝም። ላባዋን ታበጥራለች፣ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት ምንቃሯን ታፋጫለች፣ ይህም የደስታ ነው አሉ። እጄን ግን ከላይኛው እንጨት ላይ ሆና ትመለከተዋለች እንጂ አትወርድም። «ነይ አለቃ» እላለሁ። «ነይ እንጂ፣ ነይ የኔ ቆንጆ» እላለሁ፤ ይህን ቃል በሕይወቴ ለስንት ሰው እንዳልሁ ታውቃለህ። አትመጣም። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ሁለት ወር ቀረው። ከዚያ አንድ ወር ተኩል ቀረው። ባለ ካፌዋ መስቀያውን አስበይዳ መጨረሷን ምሕረት ነገረችኝ። ሁለቱም ብያለሁና አንዱን አስቀርቼ አንዷን ልሰጥ አልችልም፤ ማርታም እንዳይለያዩአቸው ብላኛለች። ቃሌን አጥፌ አላውቅም። ያን ሰሞን እህል አልበላ ብሎኝ ነበር ብልህ አታምነኝም።

አንድ ቅዳሜ ምሕረት በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «እማዬ፣ አባዬ እኮ ‹ና› ነበር የሚላት» አለችኝ።

«ሴትን ‹ና› ማለት ስህተት ነው» አልኋት።

«እሺ፤ አለቃ ሰዋስው የት ተማረች?»

ልጅቷ ማቀዝቀዣዬን መርምራ ሄደች። እኔ ግን ከዚያ በኋላም ዘጠኝ ቀን «ነይ» ማለቴን አልተውሁም። ለምን እንደ ሆነ እንድትረዳኝ እሻለሁ። «ወንድና ሴት አንቀጽ ያልለየች ቁርስ አትበላም» በሚባልበት አዳሪ ትምህርት ቤት አድጌ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሳወጣ ኖሬ፣ በስድሳ አራት ዓመቴ እያወቅሁ ስህተት መናገር ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ሳስበው ምላሴ ይታሰራል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የመጀመሪያው ደብዳቤህ ትዝ አለኝ። ማተሚያ ቤቱ ማሽን ልትጠግን መጥተህ ካየኸኝ በኋላ በአንዲት ተላላኪ ልጅ በኩል የላክኸው፣ ከደብተር የተገነጠለው ወረቀት። ዐሥራ ሦስት ስህተት ነበረበት። «ሀ» እና «ሐ»ን አልለየህም፤ ሌላም ሌላም። እኔ በቀይ አረምሁና በዚያችው ልጅ መልሼ ላክሁልህ። ከሁለት ቀን በኋላ ራስህ ወረቀቱን ይዘህ መጣህ። «ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ፤ ግን ጥያቄ ጠይቄሽ ነበር፣ አልመለስሽልኝም» አልህ። እውነትህን ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ እንገናኝ ወይ ብለህ ነበር የጻፍኸው፤ እኔ «እሑድ» የሚለውን አርሜ አልፌዋለሁ። ጥያቄ መሆኑን አላየሁትም።

ጋዋንህን አስተካክዬ እጄን ከታች በኩል አስገባሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ማንም እንደማይሰማኝ ወደ በሩ አይቼ፣ አንተ እንደምትለው ሁለቴ፣ ዝቅ አድርጌ «ና አለቃ፣ ና» አልሁ።

አንገቷን ዘንበል አደረገች። በእንጨቷ ላይ ወደ ጎን፣ እግር በእግር፣ እስከ ጫፉ መጣች። አንድ ጊዜ ወደ ታች አየች። ከዚያ ወረደችና ጣቴ ላይ ቆመች፤ መጀመሪያ አንድ እግሯ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ክብደቷ ከአንድ ደብዳቤ አይበልጥም። እግሮቿ ይሞቃሉ። ይህን አላውቅም ነበር፤ ወይ አልነገርኸኝም፣ ወይ ነግረኸኝ መጥረጊያ ይዤ ነበር። ስልክ ጮኸ፤ ተውሁት። ጉልበቴን ያዘኝ፤ ተውሁት። መነጽሬ ደበዘዘብኝና እሱንም ተውሁት። ዳጉሳውን ረስቼው ስለ ነበር ለእህል አልመጣችም። እስክትሄድ ድረስ አልተነሣሁም።

ይህ የሆነ ከአምስት ቀን በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት አልቀረችም። ዛሬ ቅዳሜ ስለ ሆነ ምሕረት መጥታ አየች። አለቃ በአንዱ እጄ፣ ጸሐፊ በሌላው ላይ ቆመው ነበር፤ እኔም ሁለት እጆቼን ወደ ሽቦ ቤቱ ዘርግቼ እንደ ልብስ መስቀያ ተቀምጬአለሁ። ልጅህ ስልኳን አወጣች፤ ፎቶ ልታነሣ መስሎኝ ነበር። የጻፈችውን ቃሌን አውጥታ አሳየችኝና ደመሰሰችው። ከዚያ ነው ፎቶ ያነሣችው። «አባዬ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?» አለችኝ። አንተ የምትለውን አውቃለሁ። ፈገግ ብለህ ጋዋኔን መልሺልኝ ትለኝ ነበር።

ሙት ዓመትህ ሃያ አራት ቀን ቀርቶታል። ቤተ ክርስቲያን በጥቁሬ እሄዳለሁ፤ ያም የመጨረሻው ይሆናል። የተሰበረው የአለቃ ላባ ወድቆ በቦታው አዲስ ወጥቷል፤ ሁለቱም ክንፎቿ እኩል ናቸው፤ ለክቼ አይደለም፣ አይቼ ነው።

«መቼም አልረሳህም» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሰው ሁሉ ስለሚጽፈው ግን ለአራሚ ዓይን ነጥፏል። ስለዚህ የምገባልህን ቃል በትክክል ልጻፈው። በሕይወት እስካለሁ ድረስ አንዲትን ሴት ወፍ በየጠዋቱ በወንድ አንቀጽ እጠራለሁ። ስህተቱ ያንተ ነው። አላርመውም።

አሁን መሽቷል፤ ወፎቹ ተሸፍነው ምንቃራቸውን እያፋጩ ነው። ነገ በመጀመሪያ የማደርጋቸው እነዚህ ናቸው። ጎፋ ላለችው ባለ ካፌ ደውዬ ወፎቹ እንደማይመጡ እነግራታለሁ፤ ለመስቀያው ድካሟም ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ምድጃው መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አያለሁ። የባልዲውን ውኃ እከድናለሁ። መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቼ፣ መስታወቱ ክፍት ሰማይ እንዳይመስላቸው መጋረጃውን እስከ ዳር እጎትታለሁ። የቁም ሣጥኑን መስተዋት በአንሶላ እሸፍናለሁ። ከዚያ የሽቦ ቤቱን በር እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ፤ በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ፤ የፈለጉትን ያህል ይብረሩ።

ያንተው የሺ